ላሟ የልጄ፣ ወተቷ የሚስቴ

እኔ ፋዮ ሌባ ተባልኩ! በእርጅናዬ፣ ያውም በፍርድ ቤት ወረቀት! ሚሊኒየሙ ሊገባ ጥቂት ዓመት ሲቀረው ነው። መጥሪያውን ይዞ የመጣው ሰውዬ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ» ሲለኝ የውሃ ቢል መስሎኝ ሳላይ ፈረምኩለት። ከፊት ያለውን ክፍል የተከራየኝ ልብስ ሰፊው ሁመድ መነጽሩን ጠራርጎ አነበበልኝ። ከሳሽ ቶሌሳ ጂራታ፣ ተከሳሽ ፋዮ ኦልጅራ። «ተከሳሽ በአላባ የያዙትን ቤት አፍርሰው፣ ቆርቆሮውንና በሩን ሸጠው ስለበሉ፣ አላባው ተቋርጦ ቤቱን ለቀው እንዲወጡ ይወሰንልኝ» ይላል። እዩልኝ እንግዲህ፣ በአንቱታ ሌባ ሲሉ!

ሁመድ ወረቀቱን አጥፎ መለሰልኝና «አብሽሩ እማማ፣ አላህ አለ» አለኝ።

«አላህማ አለ! እሱ ከሳሽ መቼ ሆነ!» ብዬ ጮህኩበት። ምስኪኑ ሁመድ ምን አደረገኝ? ግን ንዴት ሲይዘኝ አጠገቤ ያለ ሰው ነው የሚቀምሰው።

ቶሌሳ የእንጀራ ልጄ ነው። አባቱን ጂራታን ሳገባ ጎረምሳ ነበር፤ ያደገውም ተክለ ሃይማኖት፣ የእናቱ ዘመዶች ጋ ነው፤ አሁንም እዚያው ጋራዥ አለው። አላጠባሁትም፣ አልቆነጠጥኩትም፤ ስለዚህ እናቱ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ አልናገርም። በዓል ሲሆን ይመጣል፣ ይበላል፣ ይመርቁኝ ብሎ ይሄዳል። ግን ከእሱ ንብረት መርፌ ነክቼ ከሆነ እጄ ይቆረጥ! ቤቱ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ነው ያለው። የጭቃ ቤት ነው፣ ግን ጂራታ ቆሞ ያሠራው ስለሆነ ስንቱ የብሎኬት ቤት ሲሰነጠቅ እሱ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ብወጣ የምገባበት የለኝም፤ ልጅ አልወለድኩም፣ ወንድሞቼም አልቀዋል። እሱስ ይሁን፣ ሰው ሜዳ ላይም ያድራል። ቤት በላች ተብሎ መውጣትን ግን እንዴት ልቻለው? ከዚያ ወዲያ በዚያ ሰፈር በየትኛው ፊቴ ሰው ሰላም እላለሁ?

በማግስቱ ሁመድ ልብስ የሚሰፋለት ጠበቃ ጋ ወሰደኝ። በድሉ ይባላል። ቢሮው ልደታ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ በላይ ነው። ቀጠን ያለ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ ሰው ሲያወራ የማያቋርጥ ልጅ ነው። ይሄን ወደድኩለት።

«እማማ ፋዮ፣ ባለቤትዎ ሲናዘዙ አጠገባቸው ነበሩ?» አለኝ።

«ነበርኩ እንጂ! ራስጌው ተቀምጬ!»

ነገርኩት። ጂራታ የከብት ነጋዴ ነበር። ሰንጋ ተራ የእውነት ሰንጋ በነበረበት ጊዜ፣ ዛሬ ቢሮ በተገተረበት ቦታ ላይ ከብት ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ነው። ሊሞት ሲል ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። ጎረቤታችን የነበረ አንድ የድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ብዕሩን ይዞ «ጂራታ፣ ቤቱን ለማን አልክ?» አለው። ለልጁ ቢሰጥ እኔ ልወድቅ፣ ለኔ ቢሰጥ ልጁ ሊቀየም። ጂራታ ጣራውን እያየ «ላሟ የልጄ፣ ወተቷ የሚስቴ» አለ።

አንዱ ሽማግሌ «ወይኔ፣ መቃዠት ጀመረ! ቤቱን ስንለው የምን ላም ያመጣል?» ብሎ ሊያለቅስ ቃጣው። ጸሐፊው ግን ሳቀ። «አልቃዠም። ሕጉ ራሱ እንዲህ ነው የሚለው» አለና «ቤቱ የልጄ የቶሌሳ ሆኖ፣ ሚስቴ ፋዮ እስክትሞት ድረስ አላባውን ትያዝ» ብሎ ጻፈ። አንብቦ ሲያሰማው ጂራታ «እሱን ነው ያልኩት» ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

በድሉ ይህን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠ። «ሰውየው ሕግ ተምረው ነበር እንዴ?»

«ምኑን ይማራል! በሬ ሲነዳ ያደገ ሰው!»

«ይገርማል» አለ በድሉ፣ ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ። «ዩኒቨርሲቲ ሳለን አስተማሪያችን ስለዚህ ቃል ሲያስረዱን ‹አላባ ከማለብ የመጣ ነው፤ በግዕዝም ሐሊብ ወተት ነው› ብለውን ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አላባ የሚለው ይህንኑ ነው። ንብረቱ የሌላ ሰው ነው፤ እርስዎ ይገለገሉበታል፣ ፍሬውን ይበላሉ። ቤት ከሆነ ይኖሩበታል፣ ኪራዩን ይቀበላሉ። መሸጥና ማፍረስ ግን አይችሉም። ላሟን ያልባሉ እንጂ አያርዱም ማለት ነው።»

«ደበሬ!» ብዬ ብድግ አልኩ።

ሁመድ ደነገጠ። «ምን አሉ?»

«ደበሬ ነዋ! የኛ አገር ደበሬ! እኔ ቶኬ ነው የተወለድኩት፣ ከአምቦ አለፍ ብሎ። እኛ ዘንድ ብዙ ላም ያለው ሰው ልጆቹ ወተት ላጡበት ጎረቤቱ አንዷን ይሰጠዋል። ተቀባዩ ያበላታል፣ ያጠጣታል፣ ያልባታል። ወተቱ የሱ፣ ላሟ ግን የሰጪው። አባቴ ኦልጅራ በደበሬ ላም ያልሰጠው ጎረቤት አልነበረም። አንድም ቀን ዳኛ ፊት የቆመ የለም!»

ምን ልበላችሁ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። እዚያ ከመስኮቱ ማዶ ይሄ ሁሉ ካባ የለበሰ ዳኛ፣ ይሄ ሁሉ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጠበቃ የሚከራከርበት ቃል ከበረት የወጣ ነው ለካ! እኔ በልጅነቴ ክንዴን ሰብስቤ ያለብኩበት በረት! መጥሪያው ሲነበብልኝ «አላባ» የሚለው ቃል ራሱ እንደ ስድብ ተሰምቶኝ ነበር። አሁን እንደ ዘመድ ሆነብኝ።

በድሉ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝና «ጥሩ። ታዲያ ላሟን አርደዋል ነው ክሱ» አለኝ። «ኩሽናው እውነት ፈርሷል?»

«ፈርሷል። ያምና ክረምት ዝናብ ጣለው። እሑድ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጭቃው ተንዶ፣ ጣራው መሬት ላይ ተኝቶ ጠበቀኝ።»

«ቆርቆሮውና በሩስ?»

«እሱ ጋ!»

«ማን ጋ?»

«ቶሌሳ ጋ ነዋ! ጋራዡ ድረስ በጋሪ ጭኜ ወስጄ አላስረከብኩትም? ሁመድ ይናገር!»

ሁመድ «ወላሂ፣ ጋሪውን አብሬ ገፍቻለሁ» አለ።

በድሉ ሊገባው አልቻለም። «ለምን ወሰዱለት?»

ይሄም ይጠየቃል? በደበሬ የያዝካት ላም ብትሞትብህ ምን ታደርጋለህ? ቆዳዋን ትገፍና ለባለቤቱ ትወስዳለህ። ባለቤቱ ቆዳውን ዘርግቶ ያያል፤ አንገቷ ላይ ቢላ እንዳላረፈ፣ ሸጠህ እንዳልበላሃት ያውቃል። «ሞተችብህ እንጂ አልበላሃትም፣ በርታ» ይልሃል። እንዲያውም ደግ ከሆነ ሌላ ላም ይሰጥሃል። እኔም ኩሽናው ሲሞት ቆዳውን ገፈፍኩ። ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ደህናውን አጣና ሁሉ። ተክለ ሃይማኖት ጋራዡ በር ላይ አወረድነው። ቶሌሳ ከመኪና ሥር ዘይት ተቀብቶ ወጣና «እትዬ ፋዮ፣ ምንድነው ይሄ?» አለኝ። «ያንተ ነው» አልኩት፤ ትንሽ ቆምኩ፤ ዞሬ ሄድኩ።

«ሌላ ምንም አላሉትም?»

«ምን ልበለው? ቆዳ ያመጣ ሰው አይለፈልፍም። ሐዘን ነው እኮ!»

በድሉ ራሱን ያዘ። «እማማ ፋዮ! ቶሌሳ የተክለ ሃይማኖት ልጅ ነው! አገር ቤት ሄዶ ላም ሲታለብ አይቶ ያውቃል?»

አባቱ ከብት ሲነግድ ኖረ እንጂ ልጁን አንድ ቀን አገር ቤት አልወሰደውም። ቶሌሳ ቆርቆሮ ያየው ቆርቆሮ ነው። አሮጊቷ ቁራሌው አልገዛ ያላትን ዕቃ አመጣችልኝ ብሎ ይሆናል። ይሄ በሕልሜም አልመጣልኝም። የጂራታ ደም ያለው ሰው ቆዳ አያውቅም ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

ነገሩን ያባባሰው ደግሞ ሌላ ነው። ኩሽናው በቆመበት ቦታ ላይ ከኪራዩ እየቆጠብኩ ሁለት የብሎኬት ክፍሎች ሠርቼ ነበር። ይህን ያየ አንድ ደላላ ቶሌሳን «አሮጊቷ ያንተን ቤት እያፈረሰች ሸጣ የራሷን እየሠራች ነው። ነገ ሁሉም የኔ ነው ትልሃለች። ቶሎ አስወጥተህ ሽጥ፣ ገዢ አለኝ» ይለዋል። እሱም አመነ። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!

በድሉ ስለ ክፍሎቹ ሲሰማ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እነዚህ ኑዛዜው ውስጥ የሉም። እርስዎ ናቸው የሠሯቸው። ካልተጠየቁ ዝም ይበሉ። ወደፊት የእርስዎ ናቸው ብለን እንከራከርባቸዋለን።»

«እሺ» አልኩት። ጠበቃ ሲመክር እሺ ይባላል።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ያቺን ለጥምቀት ብቻ የምለብሳትን ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ሌባ የተባለ ሰው ጥሩ ልብስ ያስፈልገዋል። ዳኛዋ ወጣት ሴት ናት፤ ፊቷ ኮስተር ያለ፣ ዓይኗ ግን የሚሰማ። ቶሌሳ ጠበቃ አላቆመም፤ ራሱ ተነሥቶ ተናገረ። እጁ ላይ ያለው የሞተር ዘይት ታጥቦም አልለቀቀም ነበር።

«ክብርት ዳኛ፣ የአባቴ ቤት ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆኖብኛል» አለ። «አባቴ የወሰነውን አልቃወምም፤ እትዬ ፋዮ ይኑሩበት ነው ያለው፣ ይኑሩበት። ግን ኩሽናው የለም። ቆርቆሮው የለም። በሩ የለም። ሸጠው በልተውታል። ነገ ዋናውን ቤት ምን ያግዳቸዋል?»

ዳኛዋ ወደኔ ዞረች። «ወይዘሮ ፋዮ፣ ቆርቆሮው የት ነው ያለው?»

«ከሳሽ ቤት!»

ችሎቱ በሳቅ ተናጋ። ቶሌሳ «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብሎ ዘለለ። ዳኛዋ ጠረጴዛውን መታ መታ አድርጋ ጸጥ አሰኘችን። ሁመድ ቀርቦ ማለ። ጋሪውን መግፋቱን፣ ጋራዡ በር ላይ ማራገፋቸውን ተናገረ። ዳኛዋ «ዕቃው የዚያ ኩሽና መሆኑ በምን ይታወቃል?» ስትለው አሰብ አደረገና «በሩ ላይ ምልክት አለ። በጋለ ብረት የተተኮሰ» አላት።

እውነቱን ነው። ጂራታ ኩሽናውን ያሠራ ዕለት ሰንጋዎቹን የሚተኩስበትን ብረት አግሎ በሩ ላይ አሳረፈው። «ይሄም የኔ ሰንጋ ነው» ብሎ ሲስቅ ዛሬም ይታየኛል። ብረቱ ለሱ ብቻ የተቀጠቀጠ ነው፣ የሌላ ነጋዴ ከብት ላይ አታገኙትም።

«ሄጄ በዓይኔ አያለሁ» አለች ዳኛዋ።

በሌላ ቀን ሁላችንም ጋራዡ ሄድን። ዳኛዋ፣ ጸሐፊዋ፣ በድሉ፣ ሁመድ፣ እኔ። ቶሌሳ በር ላይ ቆሞ «ይኸው፣ ፈልጉ» አለን። ምን እንፈልጋለን! ቶሌሳ የሰጠሁትን ቆርቆሮ ጋራዡን አጥሮበታል! የራሴ ቆርቆሮ፣ የኩሽናዬ ጭስ ያጠቆረው፣ ዙሪያውን ቆሞ ይጠብቀዋል። በሩን ደግሞ ጓሮ ወስዶ የሽንት ቤት በር አድርጎታል። ዳኛዋ ራሷ ገፋ አድርጋ ዘጋችውና ምልክቱ ብቅ አለ።

ሠራተኞቹ ከየመኪናው ሥር ወጥተው ያያሉ። ቶሌሳ ምልክቱን በጣቱ ዳሰሰው። «ይሄ... ይሄ የአባቴ ብረት ነው» አለ። በየቀኑ ሲከፍተውና ሲዘጋው አላየውም! «እኔ እኮ አሮጌ ዕቃ ሰጡኝ ብዬ ነው። ለአጥር ይሆንሃል ያሉኝ ነው የመሰለኝ።»

ዳኛዋ «ለምን እንዳመጡልህ አልጠየቅካቸውም?» አለችው።

«ያንተ ነው ብለው ሄዱ።»

ያኔ በድሉ ስለ ደበሬና ስለ ቆዳው አስረዳ። አንዲት ቃል አልጨመረበትም፣ አንዲት ቃል አልቀነሰበትም። ቶሌሳ እያዳመጠ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ገረጣ፣ ከዚያ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ረትቼዋለሁ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል፣ አልዋሽም። ግን አንገቱን ሲደፋ ቁርጥ ጂራታን መሰለብኝ።

ፍርዱ በሌላ ቀጠሮ ተነበበ። ዳኛዋ ቆም እያለች አነበበችው። ተከሳሽ ንብረቱን አላጠፉም፤ በኃይለኛ ዝናብ የፈረሰውን ክፍል ዕቃ ለባለቤቱ አስረክበዋል፤ ስለዚህ አላባው እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይጸናል። ሌባ የሚለው ነገር ከስሜ ላይ ወረደ። እሰይ! በድሉ እጄን ጨበጠኝ። ሁመድ ከኋላ ወንበር «አልሐምዱሊላህ» ሲል ሰማሁት።

ዳኛዋ መዝገቡን ልትዘጋ ስትል እጄን አወጣሁ።

በድሉ ነጠላዬን ጎተተኝ። «እማማ፣ አለቀ እኮ! ይቀመጡ!»

«አላለቀም» አልኩና ቆምኩ። «ክብርት ዳኛ፣ አንድ ነገር ይጻፍልኝ። ግቢው ውስጥ ሁለት የብሎኬት ክፍሎች አሉ። እነሱ የቶሌሳ ናቸው ተብሎ ይጻፍ።»

በድሉ ዓይኑን ጨፈነ። ዳኛዋ ወረቀቶቹን ገለበጠች። «ስለነሱ የጠየቀ የለም እኮ። ማን ነው የሠራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«በራስዎ ወጪ?»

«ከቤቱ ኪራይ ቆጥቤ።»

«ታዲያ ለምን የሱ ይሁኑ? እንደከሰሰዎት ይወቁ።»

ጥርሴን ነከስኩ። እዚያ ችሎት ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ሞልቷል፤ እኔ አልጨመርበትም።

«ክብርት ዳኛ፣ በደበሬ የያዝኳት ላም ብትወልድ ጥጃው የባለቤቱ ነው። የኔ ወተቱ ነው፣ እሱንም ጠግቤ ጠጥቻለሁ። ጂራታ ወተቷን ነው እንጂ ጥጃዋን አልሰጠኝም። ልጁ ከሰሰኝ ብዬ ጥጃውን ብደብቅበት፣ ክሱ እውነት ነበር ማለት አይደል?»

ጸሐፊዋ መጻፏን አቆመች። ዳኛዋ ኮስተር ያለ ፊቷን ትንሽ አዙራ መስኮቱን አየች፤ ከዚያ «እንዳሉት ይጻፍ» አለች። በድሉ ነጠላዬን ለቀቀኝ። በኋላ «እንደዚህ ያለ ደንበኛ አይግጠመኝ» ብሎ ስቆብኛል፤ ግን ሲስቅ ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቶሌሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። እኔም ቆምኩለት እንጂ አላገዝኩትም፤ የራሱን ቃል ራሱ ይፈልግ። ቦርሳዬን ከእጄ ወሰደና አጠገቤ አዝግሞ ደረጃውን ወረደ።

በሩ ላይ ያ ደላላ ይጠብቃል። አንዲት ቁልፍ ጣቱ ላይ እያሽከረከረ፣ እኔን እንዳላየ ሆኖ «ቶሌ! እንዴት ሆነ? አስወጣሃት?» አለው።

ቶሌሳ ቆመ። የሚገባውም የሚወጣውም እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«ማንን ነው የማስወጣው? ላሜን የያዘችልኝን?»

ደላላው ግራ ገብቶት «የምን ላም?» አለ። እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ በልደታ መንገድ መሐል ለመሐል ሄድኩ፤ የጂራታ ልጅ ቦርሳዬን ይዞ ከኋላዬ ይከተለኛል።